ከባዱና ቀላሉ ቱባ

ሰናይት እባላለሁ። አዳማ ተወልጄ አዳማ ያደግሁ፣ ዛሬ ልብስ ሰፊ፣ ድሮ ዘፋኝ፣ ድሮም ዛሬም ተናጋሪ ነኝ። የሰፈር ሰው «የሰናይት አፍ ቀድሞ ይደርሳል፣ እሷ ኋላ ትመጣለች» ይለኛል። አልቀየምም፣ እውነታቸውን ነው። የማወራችሁ ግን ያ አፌ አንዲት እውነት መናገር ስላቃተው አንድ ቀን ነው። በዚያ ቀን ባቱ ሐይቅ መካከል፣ ትንሽ ጀልባ ላይ ተቀምጬ፣ ልሰማው የማልችለውን ነገር ሰምቼ እንድፈርድ ተጠየቅሁ።

ታላቅ ወንድሜ ደረጀ የማርሽ ባንድ አለው። ሰርግ ሲደገስ፣ ተማሪ ሲመረቅ፣ አዲስ ሱቅ ሲከፈት ቀይ ኮት ለብሰው ከፊት ከፊት እየነፉ የሚሄዱትን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። እሱ ትራምፔት ይነፋል። እኔ ደግሞ ሰልፉ ቆም ሲል ማይክ ይዤ እዘፍን ነበር። ጎበዝ ነበርኩ፣ ለምን እዋሻለሁ። ሙሽራ ሳይቀር እስክስታውን ትቶ አፌን ያየኝ ነበር።

አንድ ክረምት ክፉ ትኩሳት ጣለኝ። መድኃኒቱ ነፍሴን አተረፈልኝ፣ ጆሮዬን ግን ይዞት ሄደ። ከአልጋ ስነሳ ዓለም በጋቢ ተጠቅልሎ ጠበቀኝ። ሰው ሲያናግረኝ እምምም የሚል ነገር ይደርሰኛል እንጂ ቃል የለውም። የወፍ ድምፅ፣ የበር መጥሪያ፣ የሕፃን ሳቅ፣ የራሴ ዘፈን፣ ሁሉም ሄደ። ቀስ በቀስ ከንፈር ማንበብ ለመድኩ። ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ካወራ እግባባለሁ። ከሙዚቃ ግን ፈጽሜ ሸሸሁ። ባንዱ በሚለማመድበት ቤት በር እንኳ አላልፍም ነበር። መጋረጃ እየሰፋሁ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። ዘፋኟን ሰናይትን ቀብሬ፣ አልቅሼላት፣ እርሜን አውጥቻለሁ ብዬ ነበር።

ከዚያ የባንዱ ቱባ ከአይሱዙ ላይ ወደቀ። ቱባን ለማታውቁት፣ ነፊው እንደ ሕፃን አቅፎት የሚሄደው፣ ከሁሉም በታች ቡም ቡም የሚለው ትልቁ የናስ መሣሪያ ነው። ሞጆ መውጫ ላይ ነው የወደቀው፣ ከኋላ የመጣ መኪና ወጣበትና እንደ ቂጣ ጠፈጠፈው። ቱባ የሌለው ማርሽ ባንድ ጨው የሌለው ወጥ ነው። ሌሎቹ መሣሪያዎች ይጮሃሉ፣ ከሥር የሚይዛቸው ግን የለም። ነፊውም ድሬዳዋ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። ደረጀ ሰርግ በተጠራ ቁጥር ሰበብ እየፈጠረ መቅረት ጀመረ። አዲስ ቱባ መግዛት ደግሞ ለእንደነሱ ዓይነት ባንድ የማይታሰብ ነው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ።

«ባቱ ላይ ሁለት አሮጌ ቱባ ተገኘ» አለኝ፣ ከንፈሩን እንዳነብ ቀስ እያለ።

«እሰይ፣ ደስ ይበልህ» አልኩት መቀሴን ሳላስቀምጥ።

«አሁኑኑ መሄድ አለብኝ። አብረሽኝ ነይ።»

«እኔ ምን ላደርግልህ? ላጨበጭብልህ?»

«ስንመለስ ሚኒባስ ላይ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ደግሞ የሐይቁን ዓሣ፣ ቆሮሶ አበላሻለሁ።»

አልዋሻችሁም፣ ለዓሣው ብዬ ነው የሄድኩት።

መንገድ ላይ ነገሩን አስረዳኝ። የቱባዎቹ ባለቤት ጋሽ ከድር የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው የአንድ ትልቅ እርሻ ሠራተኞች ባንድ ውስጥ ቱባ ይነፉ ነበር። እርሻው ሲበተን ባንዱም ተበተነ፣ ሁለቱ ቱባዎች እሳቸው ጎተራ ውስጥ ቀሩ። አሁን አርጅተዋል። ሴት ልጃቸው አሰላ ልትወስዳቸው ነው፣ ወንዶቹ ልጆቻቸው ደግሞ በጎተራው ያለውን ብረታ ብረት ሁሉ ለዱከም ነጋዴ ሸጠው ቀብድ ተቀብለዋል። ሽማግሌው ለምነው ለምነው ነጋዴው አንድ ቱባ ለባንድ እንዲቀር ፈቀደ። ሁለተኛው ግን ከቆርቆሮውና ከቧንቧው ጋር ተጭኖ ወደ ማቅለጫው ይሄዳል። ነጋዴው ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ከዚያ በፊት መምረጥ የእኛ ፋንታ ነው።

«አንዱ ይድናል፣ አንዱ ይቀልጣል ማለት ነው?» አልኩት።

«አዎ።»

«በምን ልትመርጥ ነው ታዲያ?»

ደረጀ ይህ ደግሞ ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን አየኝ። «በክብደት ነዋ! ከባዱ ናሱ ወፍራም ነው። ናሱ ወፍራም ከሆነ ድምፁም ወፍራም ነው። ሽንኩርት እንኳ ስትገዢ ከባድ ከባዱን አይደል የምትመርጪው?»

አባባሉ ልክ መሰለኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

በዝምታ መጓዝን የማያውቅ ሰው መንገድን አየሁ አይበል። መቂ ስንደርስ ደላሎቹ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ቆመው፣ አፋቸውን በልቅጠው፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ይጨቃጨቃሉ። ለእኔ ግን ሁሉም ሕልም ውስጥ እንዳሉ ሰዎች ናቸው። ቲማቲም የጫነ መኪና በአጠገባችን ተንሳፍፎ አለፈ። ግራር፣ አቧራ፣ የፈረስ ጋሪ፣ ደግሞ ግራር። ዓይኔ ሲከደንና ሲገለጥ ባቱ ደረስን።

የጋሽ ከድር ቤት ሐይቁ ዳር ነው፣ ከአንድ የሽንኩርት ማከማቻ ጎን። እሳቸው ረጅም፣ ነጭ ኮፍያ የደፉ፣ ጺማቸውን ሒና የተቀቡ ሽማግሌ ናቸው። «አካም ጅርቱ ኢጆሌ ኮ»፣ እንደምን ናችሁ ልጆቼ፣ ሳይሉን አልቀሩም፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነበር። ሳይሉን አልቀሩም የምለው ያ የተንዠረገገ ጺማቸው አፋቸውን ከድኖት አንድ ከንፈር እንኳ ስላላየሁ ነው። ምንም አልገባኝም። ፈገግ ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁ፣ እሳቸውም ደስ አላቸው። መስማት እንደማልችል አልጠረጠሩም፣ እኔም አልተናገርኩም። ይህች ነገር በኋላ ጉድ ልትሠራኝ ነው።

ሁለቱን ቱባዎች ከጎተራ አወጡልን። አንደኛው ጥቁር ቡናማ ሆኗል፣ ሰውነቱ ሁሉ በስታኞ እየተበየደ የተለጣጠፈ፣ ስንት መኪና ላይ ወጥቶ ስንቴ እንደወደቀ ያስታውቃል። ሁለተኛው ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ ናሱ ስስ፣ በጣት ቢጫኑት የሚሰረጎድ ይመስላል። ደረጀ ጎረቤት ከሚሠሩት የሽንኩርት ጫኞች ጋር ተስማምቶ ሁለቱንም በየተራ የሽንኩርት ሚዛናቸው ላይ ሰቀላቸው። ጫኞቹ ሥራቸውን ትተው ከበቡን። የተለጣጠፈው ሲሰቀል የሚዛኑ ክንድ ወደ መሬት ተዘቀዘቀ። ቢጫው ሲሰቀል ጫኞቹ ተሳሳቁ።

ከዚያ ደረጀ ከባዱን አቅፎ ነፋው። ዶሮዎች ሲበታተኑ፣ አንድ አህያ ጆሮዋን ስታቆም፣ ጫኞቹ ሲያጨበጭቡ አየሁ። ቢጫውን ሲነፋ ግን ዶሮዎቹም አልተንቀሳቀሱም።

«አለቀ» አለኝ ደረጀ ወደ እኔ ዞሮ፣ ላቡን እየጠረገ። «አላልኩሽም?»

ጋሽ ከድር ግን ራሳቸውን ነቀነቁና ረዘም አድርገው ተናገሩ። ደረጀ ሲያዳምጥ ፊቱ እየተለወጠ መጣ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ቱባ አጠገቡ ቆሞ አይመረጥም አሉ። ባንዳቸው አዲስ መሣሪያ ሲመጣለት አንድ ሰው በጀልባ ሐይቁ መካከል ይልኩ ነበር። ነፊው ሐይቁ ዳር ቆሞ ይነፋል። ጀልባው ላይ ያለው ሰው የትኛው እንደደረሰው ይፈርዳል።»

«ጥሩ ነዋ። ማን ይሄዳል?»

«እኔ እነፋለሁ። እሳቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከጫኞቹ አንዱ ይሂድ ስላቸው፣ የሙዚቃ ጆሮ የሌለው ሰው አይፈርድም አሉ። በስልክ ደግሞ ከእህቴ ከዘፋኟ ጋር እመጣለሁ ብያቸው ነበር።»

ዞር ስል ጋሽ ከድር በሁለት እጃቸው ወደ እኔ እያመለከቱ ነው። ዓይናቸው በደስታ ይስቃል። ዘፋኝ ናት ተብለዋላ!

ያኔ «አባቴ፣ እኔ አልሰማም» ማለት ምን ይከብዳል ትሉኝ ይሆናል። ይከብዳል። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሰው እንደ ዘፋኝ አየኝ። ያቺን አስተያየት በአንድ ቃል ማጥፋት አቃተኝ።

«እሄዳለሁ» አልኩ።

ደረጀ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። «አብደሻል? ልንገራቸው?»

«ብትነግራቸው ወየውልህ!»

«እንዴት አድርገሽ ልትሰሚ ነው?»

«አንተ ምን አገባህ!»

ትንሽ አሰበና አፉን አቀረበልኝ። «እሺ ስሚኝ። መጀመሪያ የሚነፋው ከባዱ ነው። ጋሽ ከድር ነጭ ጨርቅ አንዴ ከፍ ሲያደርጉ እሱ ነው። ሁለቴ ከፍ ሲያደርጉ ቀላሉ ነው። የመጀመሪያው ይሻላል ለማለት ቀኝ እጅ ነው የሚነሳው። ዝም ብለሽ ቀኝሽን አንሺ፣ በቃ።»

ተስማማን።

ቦሩ የሚባል ዓሣ አጥማጅ በጀልባው ወሰደኝ። እየቀዘፈ ፊቱ ወደ እኔ ስለሆነ ሲያወራ ይገባኛል፣ ግን ብዙም ተናጋሪ አይደለም። የባቱ ውኃ ሻይ በወተት ይመስላል። ነፋስ የለም። ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ውኃው ላይ ቁጭ ብለው ሲያዩን ክንፋቸውን እንኳ አላንቀሳቀሱም። ዳርቻው እየራቀ፣ እየራቀ፣ ውኃው ዳር የበቀለው ረጅም ደንገል ቀጭን አረንጓዴ መስመር ሆነ። ደረጀና ቱባዎቹ ከደንገሉ ጀርባ ስለገቡ አይታዩኝም። ከጎን የቆሙት ጋሽ ከድር ብቻ እንደ ነጭ ነጥብ ይታያሉ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ዝምታን እንደ እስር ቤት ነበር የማየው። ሌላው ሰው ሁሉ ውጭ፣ እኔ ብቻ ውስጥ። እዚያ ግን ዝምታው የእኔ ብቻ አልነበረም። ውኃውም ዝም ብሏል፣ ሰማዩም፣ ቦሩም። መቅዘፊያውን አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አጋደመውና ጀልባዋ በራሷ ጊዜ ትንሽ ሄዳ ቆመች። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል እንደሚሰማኝ ዓይነት ሰውነቴ ሁሉ ላላ። ለምን እንደመጣሁ ረሳሁት ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ነጩ ጨርቅ አንድ ጊዜ ከፍ አለ።

ትንፋሼን ያዝኩ። የተቀመጥኩበት ጣውላ ከሥሬ ነዘረኝ። የጭነት መኪና በሰፈር ሲያልፍ የመስኮት መስታወት እንደሚያደርገው ነው። መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። ቅርጽ የለውም። ለእኔ ሁሉ ነገር እንደዚያ ነው፣ ታዲያ ምን ጠብቄ ነበር? ዓይኔ እንባ ሞላ። ምን ልትሠሪ መጣሽ፣ አንቺ ደንቆሮ፣ ዓሣሽን በልተሽ አትመለሺም ነበር ወይ ብዬ ራሴን ሰደብኩ።

ነጩ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ከፍ አለ።

መጀመሪያ እግሬ ላይ መሰለኝ። ከዚያ ሆዴ ውስጥ። ከዚያ፣ እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። እምምታ አይደለም፣ ንዝረት አይደለም። ድምፅ! መነሻና መድረሻ ያለው፣ ጥርት ያለ፣ ወፍራም፣ ለስላሳ ድምፅ። ከውኃው ላይ ሳይቸኩል መጣ። አንዱ ላይ ቆየ፣ ሁለት ደረጃ ወረደ፣ ተመልሶ ሊወጣ ጀምሮ እመንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳ። ዜማ ነው! ዜማ ሰማሁ! ሁለት እጄን ጣውላው ላይ ዘርግቼ ጎንበስ አልኩ፣ እንዳያመልጠኝ። ቆየ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ ወጣ። ቆየ፣ ወረደ፣ ወረደ፣ ወጣ። አፌ መቼ እንደተከፈተ አላውቅም። ቀና ስል ቦሩ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። ለካ እየዘፈንኩ ነው። ድምፄን በደንብ ባልሰማውም ከሩቅ የሚመጣው ድምፅ ላይ ልክ ሲቀመጥ ደረቴ ይነግረኛል፣ ሁለቱ ሲለያዩ ይንዘረዘራል፣ አንድ ሲሆኑ ይረጋል። እንደዚያ እያለቀስኩ ዘፈንኩ።

ድምፁ ሲያቆም በግራ በኩል ከውኃው ውስጥ አንድ ጉማሬ አፉን ከፍቶ ጭንቅላቱን አወጣ። ቦሩ ቶሎ ብሎ መቅዘፊያውን አነሳና ራቅ አደረገን። «መልስ እየሰጠ ነው» አለኝ እየሳቀ።

አሁን እጅ ማንሳት ቀረኝ። ቀኝ ተብዬአለሁ። የሰማሁት ምኞቴ ቢሆንስ? ከናፍቆቴ የፈጠርኩት ቢሆንስ? ተሳስቼ ግራዬን ባነሳ ጥሩው ቱባ ዛሬውኑ ተጭኖ ይሄዳል፣ የወንድሜ ባንድ እኔ በገዛ እጄ ገደልኩት ማለት ነው። ቀኜን ባነሳ ደግሞ ያ የሰማሁት ድምፅ ነገ የቀለጠ ናስ ነው። ሐይቁ ላይ ከእኔ በቀር የሚፈርድ የለም።

ግራ እጄን አነሳሁ። እንዳይሳሳቱብኝ ቆሜ አነሳሁት፣ ጀልባዋ ልትገለበጥ ምንም አልቀራት። ቦሩ «ተቀመጪ አንቺ ሴትዮ!» ሲል ከንፈሩን አንብቤያለሁ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ደረጀ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ተቀበለኝ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ቀኝ አላልኩሽም?»

«የሚሻለው ሁለተኛው ነው።»

«ሁለተኛው እኮ ቀላሉ ነው!»

«ሰማሁት ደሬ! በእግዚአብሔር ሰማሁት!»

ደስ ይለዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን እንደታመመ ሰው አየኝና ወደ ሽማግሌው ዞረ። ከጎን ሆኜም አነበብኩት። «ጋሽ ከድር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እህቴ አትሰማም። ከታመመች ወዲህ ጆሮዋ ጠፍቷል። የእሷን ፍርድ ይተዉት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበር! ጫኞቹ ሁሉ ያዩኛል። ከኋላቸው የዱከሙ ነጋዴ አይሱዙ ደርሶ ቆርቆሮ መጫን ጀምሯል። ነጋዴው መጥቶ ቱባዎቹን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና «የእኔ የትኛው ነው?» ብሎ ደረጀን ጠየቀው። ደረጀ ከባዱን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

«ቢጫውን አትንካ!» ብዬ ነጋዴው ላይ ጮህኩ። «እሱን እኮ ሰማሁት! አብሬው ዘፈንኩ!»

«ሰኒዬ» አለኝ ደረጀ፣ አሁን አዝኖልኝ። «ጉማሬ ነው የሰማሽው። እኛም ሰምተነዋል። በደንብ ነው የጮኸው።»

በዚህ ጊዜ ጋሽ ከድር ወደ እኔ መጡ። በጣም ቀረቡኝ። ከዚያ በሁለት ጣታቸው ጺማቸውን ከአፋቸው ላይ ገለጥ አድርገው ያዙና ከንፈራቸውን አሳዩኝ። ሰው እንዲህ አድርጎ አናግሮኝ አያውቅም። ቀስ ብለው «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምንድነው የሰማሽው?» አሉኝ።

መዳፌን ደረቴ ላይ አድርጌ ዘፈንኩላቸው። ቆየሁ፣ ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ ልወጣ ስል እመንገድ ላይ ተውኩት።

ሽማግሌው ጺማቸውን ለቀቁ። አንድ የሽንኩርት ጆንያ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በነጩ ጨርቅ ሸፈኑ። ወደ ደረጀ ዞርኩ።

«ምንድነው?» አልኩት። «ተሳሳትኩ?»

«ሁለተኛውን እኔ አልነፋሁትም» አለኝ። «ጨርቁን ሁለቴ ካነሱ በኋላ እኔ ላሰማት ብለው ከእጄ ወስደው እሳቸው ነፉት። ይሄንኑ ነው የነፉት። እኔ ራሴ ሰምቼው የማላውቀውን።»

በኋላ እንደነገሩን፣ እርሻው ላይ ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ የሚነፋ ዜማ ነበር። በጎበዝነታቸው ዘመን በየማታው በዚያ ስስ ቱባ ይነፉት ነበር። እርሻው ከተበተነ ወዲህ እስከዚያ ቀን ነፍተውትም ሰው ሲያዜመው ሰምተውም አያውቁም። ከባዱ ጥሩ መሣሪያ ነበር፣ ነገር ግን በወደቀ ቁጥር ስታኞ ሲለጠፍበት፣ ሲለጠፍበት፣ ድምፁ እዚያው ከሆዱ መውጣት አቃተው። አጠገቡ ላለ ዶሮ ያስደነግጣል፣ ሐይቅ ግን አይሻገርም።

ነጋዴው እንደገና ጠየቀ። ደረጀ ዓይኖቼን አየ፣ ከዚያ ያቀፈውን ከባዱን ቱባ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ጋሽ ከድር ተነስተው ጎኑን ዳበስ ዳበስ አደረጉት፣ የሆነ ነገርም አሉት፣ በጺማቸው ውስጥ ስለሆነ አላነበብኩትም። ነጋዴው ሲያነሳው ክብደቱ ደስ አሰኝቶት ሳቀ።

ወደ አዳማ ስንመለስ ቢጫው ቱባ ጭኔ ላይ ነበር። ዓሣውን ረስተነው ነው የወጣነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ላሳጥርላችሁ። አዲስ አበባ ሄጄ የጆሮ ሐኪም አየኝ። ቀጫጭኑ ድምፅ እንደማይመለስ፣ ወፋፍራሙ ግን በከፊል እንደተረፈልኝ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አስረዳኝ። ለሁለት ዓመት እንዴት አላወቅሁም አልኩት። ማን ቱባ ነፋልሽና አለኝ። እውነቱን ነው፣ የሸሸሁት እኔ ነኝ። ደረጀ ቱባውን የሚነፋ ሰው ሲፈልግ ከረመ። አንድ ቀን ልምምድ ቤት ገብቼ «ስጠኝ እስቲ» አልኩት። ሳቀ። ስነፋው ግን አልሳቀም። ከንፈሬ አብጦ ሳምንት ምግብ መብላት አቅቶኛል፣ ጎረቤቶቼም ጉማሬ አስገባሽብን ብለው ከሰውኛል። ዛሬ ቀይ ኮት ለብሼ ሰልፉ ውስጥ የምሄደው እኔ ነኝ። የሙሽራው ዘመዶች እያሳዩኝ ሴት ቱባ ስትነፋ አይተህ ታውቃለህ ይባባላሉ፣ ከንፈራቸውን ስለማነብ ሁሉንም አውቃለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ጆሮዬ ዳነ እያልኳችሁ አይደለም። አልዳነም። ሕፃን ሲጠራኝ ዛሬም አልሰማም። የራሴ ዘፈን ዛሬም ይናፍቀኛል፣ አንዳንድ ቀን ያንገበግበኛል። ነገር ግን ሞተች ብዬ የቀበርኳት ሰናይት ከነነፍሷ ነበረች። እናንተም የቀበራችሁት ነገር ካለ አንዴ ሄዳችሁ ነካ አድርጉት እላለሁ። ዝም ካለ ዝም አለ፣ ምን ይጎዳችኋል?

ባለፈው ሰሞን ልምምድ ላይ ሳለን ጋሽ ከድር ከአሰላ ደወሉ። ደረጀ ስልኩን ወደ ቱባው ሰፊ አፍ አስጠጋው፣ እኔም የእሳቸውን ዜማ ነፋሁላቸው። ስጨርስ የባንዱ ልጆች እንደ ልማዳቸው አጨበጨቡ። ደረጀ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ ቆየና ፊቱን አዞረ።

«ምን አሉ?»

«ደስ ብሏቸዋል።»

«ደረጀ! ያሉትን ንገረኝ!»

በግድ ተናገረ። «ሁለተኛው መውረጃ ላይ ስትደርስ ታዘቀዝቃለች፣ ትንፋሿን ትሰስታለች፣ ስንፍና ነው፣ እንደገና ትንፋው ብለዋል።»

ደሜ ፈላ። ስንፍና! እኔን! አፌን ከፍቼ ልመልስ ስል ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ጆሮዬ ከጠፋ ጀምሮ ማንም ሰው ተሳሳትሽ ብሎኝ አያውቅም። ምንም ብነፋ ያጨበጭባሉ፣ ከንፈራቸው «ጎበዝ» ይላል፣ ዓይናቸው ያዝንልኛል።

«ያዝ ስልኩን» አልኩት።

ነፋሁት።

«አሁንስ?»

«ገና ነሽ ይላሉ።»

«ያዝ!» አልኩና ቱባውን አጥብቄ አቅፌ እንደገና ጀመርኩ።